ለጥቁር ጓል የተጨበጨበ ዕለት

አንድ የኮምቦልቻ ወዳጄ ሰሞኑን ስልኩን አቀብሎኝ «እስቲ ይህን ተመልከት፤ ሰዎቹ ምን ነክቷቸው ነው?» አለኝ። ቪዲዮው ውስጥ አንዲት ትንሽ የአውሮፓ ከተማ ትታያለች። አደባባዩ መካከል በጭቃ የተመረገ፣ ቁመቱ ከሰው ደረት የማያልፍ፣ የጭስ መውጫ የመሰለ ነገር ቆሟል። የቆዳ ሽርጥ ያገለደሙ ሰዎች ከላይ አንድ ጊዜ ከሰል፣ አንድ ጊዜ ቀይ አፈር ይጨምሩበታል። ከሥር ደግሞ ሁለት ጎረምሶች ተራ እየገቡ ወናፍ ይነፋሉ። ጠዋት የተጀመረው ሥራ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ያበቃል፤ የምድጃውን ሥር ሰብረው በረጅም ጉጠት አንድ የሚንቦገቦግ ጓል ጎትተው ያወጣሉ። ሕዝቡ ያጨበጭባል፣ ያፏጫል፣ ልጆች ይዘላሉ። ጓሉ ሲበርድ ሬንጅ የተለጠፈበት የመንገድ ዳር ድንጋይ ይመስላል። «ለዚህ ነው ቀኑን ሙሉ የቆሙት?» አለ ወዳጄ።

ወዳጄ የቆርቆሮና የሚስማር ነጋዴ ነው። ለእርሱ ብረት ማለት በጭነት መኪና የሚመጣ፣ በኪሎና በቁጥር የሚሸጥ፣ ዋጋው ከዶላር ጋር አብሮ የሚወጣ ዕቃ ነው። አልፈረድኩበትም። ዕድሜ ልካችንን በብረት እየቆፈርን፣ በብረት እየቆረጥን፣ በብረት ጣሪያ ሥር እያደርን ብረት ከምን እንደሚወጣ የምናውቅ ጥቂቶች ነን። ይህ ጽሑፍ ለእርሱ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው፤ መንገድ ላይ ወዲያና ወዲህ ብል ግን ይቅር ይበለኝ።

በመጀመሪያ እንዲህ ያለው የብረት በዓል ብርቅ አለመሆኑን ልንገረው። ጣሊያን ውስጥ፣ በቶስካና፣ የአርኖ ወንዝ ከሚነሳበት ተራራ ግርጌ ስቲያ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1976 ወዲህ በየሁለት ዓመቱ፣ በጋቸው ሊያበቃ ሲል፣ ከየአገሩ ቀጥቃጮችን ትጠራለች። ምድጃ በየአደባባዩ ይነድዳል፤ ቀጥቃጮቹም በሕዝብ ፊት ይወዳደራሉ። «በጋቸው» ስል ልብ ይባልልኝ፤ የእነርሱ ሞቃት ወር የእኛ ሐምሌና ነሐሴ ነው። እነርሱ አደባባይ ላይ ከሰል ሲያቀጣጥሉ ደሴ ጉም ለብሳ፣ ቦርከና ደፍርሶ፣ እኛ በር ዘግተን ነው። ወደዚህ ጉዳይ በኋላ እመለሳለሁ። ለአፍሪካም ቢሆን ብረት እንግዳ አይደለም። በቡርኪና ፋሶ የሚገኙ አምስት ጥንታዊ የብረት ማቅለጫ ሥፍራዎች በ2019 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብተዋል፤ ከእነርሱ አንዱ፣ ዱሩላ የሚባለው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት እስከ 8ኛው መቶ ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል።

አሁን ወደ ጓሉ። ያ ቀይ አፈር ምንድን ነው? ነጋዴው ወዳጄ ሳያውቀው በየቀኑ የሚጣላው ነገር ነው፤ ዝገት ነው። ብረት በተፈጥሮው ብረት ሆኖ ለመኖር ትዕግሥት የለውም። ኦክስጅን ካገኘ ይጣበቅበታል፤ ከተጣበቀበትም ቀይ ዱቄት ይሆናል። ከሰማይ ከሚወድቅ ድንጋይ በቀር መሬት ላይ ያለው ብረት ሁሉ ማለት ይቻላል በዚህ ዓይነት መልክ ነው የሚገኘው። ኦክስጅን ቀድሞ ይዞታል፤ ማዕድን የምንለውም ይህንኑ ነው። የቤታችን ጣሪያ ሲዝግ ብረቱ ወደ አፈርነቱ እየተመለሰ ነው። ፋብሪካው ላሜራውን ወደ 450 ዲግሪ በሞቀ የቀለጠ ዚንክ ውስጥ የሚነክረውም ይህን ጉዞ ለማዘግየት ነው። እንግዲህ አደባባይ ላይ የቆሙት ሰዎች የሚሠሩት የዚህን ተቃራኒ ነው። የዛገውን ብረት ከዝገቱ ይፈታሉ፤ ጊዜን ወደ ኋላ ይመልሳሉ ማለት እንችላለን።

ብዙ ሰው ይህ የሚሆነው አፈሩን በማቅለጥ ይመስለዋል። አይደለም፤ የነገሩ ጥበብም ያለው እዚህ ላይ ነው። ንጹሕ ብረት የሚቀልጠው በ1538 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። በወናፍ የሚነፋ የጭቃ ምድጃ ደግሞ ቢበረታ 1200 ወይም 1300 ቢደርስ ነው። ስለዚህ ብረቱ አይቀልጥም። ታዲያ እንዴት ይወጣል?

ሥራውን የሚሠራው ከእሳቱ ይልቅ ጭሱ ነው። ከሰል በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል፣ ቀለምም ሽታም የሌለው ጋዝ ይወጣዋል። የደሴ ሰው ይህን ጋዝ በስሙ ባያውቀው በግብሩ ያውቀዋል። በክረምት ብርድ የከሰል ምድጃ ቤት አስገብተው፣ በርና መስኮት ጠርቅመው የተኙ ሰዎችን ሳይነቁ የሚያስቀራቸው እርሱ ነው። በሰው ደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይቀማል። በምድጃው ሆድ ውስጥ ደግሞ ከማዕድኑ ላይ ኦክስጅኑን ነጥቆ፣ ይዞት በጭስ መውጫው ይሄዳል። ኦክስጅኑ ሲሄድ የቀረው ብረት ነው፤ ጥቃቅን፣ የተበታተነ፣ ከድንጋዩና ከአሸዋው ጋር የተቀላቀለ ብረት።

ከዚህ በኋላ ያለውን ለማስረዳት ከቅቤ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። እርጎ ሲናጥ ቅቤውን ማንም አያቀልጠውም። ጠብታዎቹ እርስ በርስ እየተፈላለጉ ይጣበቃሉ፣ ጓል ይሆናሉ፤ አሬራው ለብቻው ይቀራል። ቅቤው ሲወጣም ገና ንጹሕ አይደለም። እናቶቻችን በቀዝቃዛ ውሃ እያጠቡ በመዳፋቸው ሲጨምቁት የቀረው አሬራ ይወጣል። ብረትም እንዲሁ ነው። በምድጃው ውስጥ ከብረቱ በፊት የሚቀልጠው ከማዕድኑ ጋር የነበረው ድንጋይ ነው፤ ቀልጦም እንደ ማር ወደ ታች ይወርዳል። እርሱ አሬራው ነው። የብረት ቅንጣቶቹ ግን ጠጣር እንደሆኑ፣ በሙቀቱ ለስልሰው፣ እርስ በርስ ይያያዛሉ። ከምድጃው ሥር የሚጎተተው ጓል ያልታጠበ ቅቤ ነው፤ ቀዳዳ በቀዳዳ ሆኖ በየቀዳዳው የቀለጠ ድንጋይ የያዘ። ለዚህ ነው ገና እንደጋለ በእንጨት መዶሻ የሚደበድቡት። መደብደቡ ማጠብና መጭመቅ ነው። በቪዲዮው ላይ ከጓሉ የሚፈናጠረው ብልጭታም አብዛኛው አሬራው ነው።

የሚወርደው ቀላጭ ሲበርድ እንደ ጠርሙስ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ድንጋይ ይሆናል። በአማርኛ ስሙ ያምር አያምር እንጃ፣ የብረት አር ይባላል። አርኪዮሎጂስቶች ግን ከብረቱ ይልቅ እርሱን ይወዱታል። ብረቱ ይዝጋል፣ ይጠፋል፤ አሩ ለሺህ ዓመታት አይነቃነቅም። አንድ ኮረብታ ላይ የብረት አር ክምር ካገኙ እዚያ ብረት ከአፈር ይወጣ ነበር ይላሉ፤ የክምሩን መጠን አይተውም ስንት ትውልድ እንደሠራበት ይገምታሉ።

ትርፉስ? ትንሽ ነው። ከገባው ማዕድን ክብደት አንድ አምስተኛ ያህል ብረት ከወጣ ጥሩ ቀን ነው። ከሰሉ ደግሞ ቢያንስ የማዕድኑን ያህል ይመዝናል፤ አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት በገጠር አከሳሰል አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት ኪሎ እንጨት ይነድዳል። ለአንድ ማረሻ የሚሆን ብረት ከአፈር ለማውጣት አንድ ዛፍ መውደቁ የተጋነነ አነጋገር አይደለም። ወዳጄ ይህን ስነግረው ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለ። ሒሳቡ ገባው።

ወሎ ውስጥ ስለ ብረት ሲወራ አንድ ሰው መቅደላን ማንሳቱ አይቀርም፤ ሴባስቶፖልም ይከተላል። እዚህ ላይ ማስተካከያ ያስፈልጋል። አፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ፣ በአውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች ያሠሩት ያ ወደ 7 ቶን የሚጠጋ መድፍ የብረት ሥራ አይደለም፤ ነሐስ ነው። ነሐስ መዳብና ቆርቆሮ ተቀላቅለው የሚገኝ ነው። (ይህ ቆርቆሮ ወዳጄ የሚሸጠው አይደለም። እርሱ የሚሸጠው ዚንክ የተቀባ ብረት ነው፤ አማርኛ ሁለቱን በአንድ ስም ጠርቶ አርፎታል።) ነሐስ ገና በ950 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል፤ በከሰልና በወናፍ የሚደረስበት ሙቀት ነው። ስለዚህ እንደ ውሃ አቅልጦ በቅርጹ ውስጥ ማፍሰስ ይቻላል። ብረትን ግን በዚያ መንገድ ማፍሰስ ሌላ ዓይነት፣ እጅግ ትልቅ ምድጃ ይፈልጋል። ያ መድፍ በሕዝብ ጉልበት ተራራ ለተራራ ተጎትቶ መቅደላ ደረሰ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. እዚያው አረፉ፤ መድፉም እዚያው ቀረ። ደሴ ላይ የብረት በዓል ቢደረግ ሴባስቶፖልን በሰንደቅ ላይ የሚስሉ እንደማይጠፉ አውቃለሁ። ታሪኩ ታላቅ ነው፤ ግን የሌላ ማዕድን ታሪክ ነው።

ብረትም ይፈስሳል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ካለ፣ አዎ፣ ካርቦን ከጠገበ። ምድጃው በጣም ከፍ ካለ፣ ንፋሱም ከበረታ፣ ብረቱ ከከሰሉ ካርቦን ይጠጣል። አራት በመቶ ያህል ሲጠጣ የመቅለጫው ሙቀት ከ1538 ወርዶ ወደ 1150 ይጠጋል። ያን ጊዜ እንደ ነሐስ ይፈስሳል። ቻይናዎች ይህን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት ያውቁት ነበር፤ አውሮፓ ብዙ ዘግይታ ደረሰችበት። ፈስሶ የተሠራ ብረት ግን ጠባዩ ሌላ ነው። ቤት ውስጥ የቀረ የከሰል ካውያ ያለው ሰው ያውቀዋል። ከባድ ነው፣ ሙቀት ይይዛል፣ ከእጅ አምልጦ ሲሚንቶ ላይ ከወደቀ ግን እንደ ሸክላ ይሰነጠቃል። መዶሻ አይችልም።

እንግዲህ የብረት ቤተሰብ ሦስት ልጆች አሉት፤ የሚለያያቸውም ካርቦን ነው። ካርቦን እምብዛም የሌለበት ለስላሳው ብረት ይታጠፋል፣ ይለጠጣል፣ ስለት ግን አይዝም። ከሁለት በመቶ በላይ ያለበት ይፈስሳል፣ ይሰበራል። በመካከል ያለውን፣ አረብ ብረት የሚባለውን፣ የፈለጉትን ያደርጉታል፤ ይቀጠቀጣልም፣ ይጠነክራልም። በወጥ ውስጥ እንዳለ ጨው ነው፤ ጥቂት ቢያንስ አልጫ፣ ጥቂት ቢበዛ የማይበላ። ፈተናው ካርቦን በዓይን አለመታየቱ ነው። ቀጥቃጩ ግን ያየዋል። እንዴት እንደሚያየው በቅርብ ካየሁት ልናገር።

ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ አንድ ሽማግሌ ቀጥቃጭ አሉ። ሥራ ቦታቸው አራት ቋሚና አሮጌ ቆርቆሮ ነው። መስፋቸው፣ ብረቱን አኑረው የሚቀጠቅጡበት፣ መሬት ውስጥ የተቀበረ የከባድ መኪና አክስል ቁራጭ ነው፤ አናቱ በመዶሻ ብዛት እንደ እንጉዳይ ተዘርግቷል። የልጅ ልጃቸው ወናፉን ይነፋል። አንድ ገበሬ አፉ የዶለዶመ ማረሻ ይዞ መጥቶ ቆሟል። «አያ፣ ይህስ ከእንግዲህ አያገለግልም፤ አዲስ ያውጡልኝ» አላቸው። ማረሻውን በጥፍራቸው አንኳኩተው ወደ ጎን አስቀመጡትና ከኋላቸው ከተከመረው ቁርጥራጭ መካከል የመኪና ባሌስትራ መዘዙ።

ከሰሉ ውስጥ ሲገባ ምንም አልተናገሩም፤ ብቻ ያዩታል። ፀሐይ እንዳትከለክላቸው ቆርቆሮውን ዝቅ አድርገው ጥላ ሠርተዋል። ይህ ለምቾት አይደለም፤ የብረት ቀለም በብርሃን ውስጥ ይዋሻል። የደበዘዘ ቀይ ሲሆን 700 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ደማቅ ቀይ ሲሆን 800፤ ብርቱካን መስሎ ሲመጣ 950፤ ቢጫ ሲሆን 1100። ከዚያ አልፎ ነጭ ሆኖ ብልጭ ብልጭ ካለ ብረቱ ራሱ እየነደደ ነው፤ ተበላሽቷል። እርሳቸው ቁጥሩን አያውቁትም፤ ቀለሙን ግን ከቴርሞሜትር አሳንሰው አያዩትም። ብርቱካን ሲሆን በጉጠት አውጥተው መስፉ ላይ አኖሩት። በትንሿ መዶሻ አንድ ቦታ ነካ አደረጉ፤ ልጁ በትልቁ እዚያው ላይ መታ። ነካ፣ መታ፣ ነካ፣ መታ። ንግግር የለም። ትንሿ መዶሻ መስፉን ባዶውን ስትመታ ልጁ አቆመ። ብረቱ ቀይነቱ ሲደበዝዝ ተመልሶ እሳት ገባ። በዚህ ዓይነት ስድስት ሰባት ጊዜ ተመላለሰ፤ ማረሻም ሆነ።

ከዚያ የመጣው ግን ከሁሉ የሚበልጠው ነው። ማረሻውን ለመጨረሻ ጊዜ ደማቅ ቀይ እስኪሆን አግለው፣ አፉን ብቻ፣ አራት ጣት ያህል፣ ውሃ ውስጥ ነከሩት። ውሃው ጮኸ። አወጡትና ፈጠን ብለው ጥቁረቱ እስኪለቅቅ በድንጋይ ፈተጉት፤ ነጭ ብረት ታየ። «አሁን እይ» አሉኝ። ጀርባው ገና ግለት አለው፤ ግለቱ ወደ አፉ ቀስ እያለ ይመጣል። በነጩ ላይ ቀለም ሲሄድ አየሁ፤ መጀመሪያ የገለባ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ ከኋላው ሐምራዊ፣ ከዚያም ሰማያዊ። ቡናማው ጫፉ ላይ ሲደርስ ሁሉንም ውሃ ውስጥ ከተቱት። ገለባ ቢጫው ከ220 እስከ 230 ዲግሪ፣ ሰማያዊው 300 ዲግሪ ገደማ ነው። አደባባይ ላይ ማጨብጨብ ካለብን ለዚህ ነበር ማጨብጨብ።

ምን ተደረገ? ብረት ደማቅ ቀይ ሲሆን ውስጡ ያለው አደራደር ይለወጥና ካርቦኑ በመካከል እንደልቡ ይንሸራሸራል። ቀስ ብሎ ቢበርድ ካርቦኑ ቦታ ቦታውን ይዞ ይቀመጣል፤ ብረቱም ለስላሳ ይሆናል። በድንገት ውሃ ውስጥ ሲገባ ግን መቀመጫ ሳያገኝ ይያዛል። ሚኒባስ አስቡ። ረዳቱ ሰዎቹ ገና ሳይቀመጡ በሩን ጠርቅሞ ቢዘጋው አንዱ በአንዱ ላይ ተጨናንቆ ይቆማል፤ ማንም ወዲያ ወዲህ ማለት አይችልም። ማንም አለመነቃነቁ ጥንካሬ ነው፤ መጨናነቁ ደግሞ ስብራት ነው። እንዲህ ሆኖ የቀረ ማረሻ የመጀመሪያው ድንጋይ ላይ እንደ ጠርሙስ ይሰበራል። ከጀርባው የመጣው ግለት ሥራው በሩን ትንሽ መክፈት ነው፤ ጥቂቶቹ ይቀመጣሉ፣ ጭንቀቱ ይቀላል፣ ጥንካሬው ግን አይጠፋም። ሽማግሌው ቡናማው ላይ ያቆሙት ለዚህ ነው። የወሎ መሬት ድንጋያማ ነው፤ በጣም የጠነከረ አፍ አይበጀውም። ለመሮ ቢሆን ቢጫው ላይ እንደሚያቆሙት ነገሩኝ።

ባሌስትራው ለምን ተመረጠ የሚለውም እዚሁ ይመለሳል። የመኪና ባሌስትራ ስድስት አሥረኛ በመቶ ያህል ካርቦን አለው፤ ውሃ ሲነኩት ይጠነክራል። የግንባታ ፌሮ የዚያን ግማሽ እንኳ የለውም፤ ቢያግሉትና ቢነክሩት ያው ፌሮ ነው። ገበያ ላይ ከፌሮ የተሠራ ርካሽ ማረሻ አለ፤ መልኩ አንድ ነው፤ ሁለት ጥማድ ሳያርስ ይታጠፋል። ገዢው በዓይን አይለየውም። ቀጥቃጩ ግን በሞረድ ሲሞርደው፣ ድንጋይ ላይ ሲያሹት የሚወጣውን ብልጭታ ሲያይ፣ ሲመታው ድምፁን ሲሰማ ያውቀዋል። ከደሴ ኮምቦልቻ ሐረጎን የወረደ ሰው ባሌስትራው ከየት እንደሚመጣ አይጠይቅም። በዚያ ጠመዝማዛ ዘመኑን የጨረሰ የጭነት መኪና ጎማው አንድ ቦታ፣ ሞተሩ አንድ ቦታ ሲሄድ፣ ባሌስትራው ኩታበር ወይም ቃሉ ማሳ ውስጥ ያርሳል።

ብረት ከአፈር ማውጣት በኢትዮጵያም የታወቀ ሙያ ነበር። በደቡብ ኦሞ የዲሜ ሕዝብ በዚሁ ጥበብ ስሙ ይጠራል። ሙያውን የገደለው ስንፍና አይደለም፤ ሒሳብ ነው። ከባሕር ማዶ የተሠራ ብረት በወደብ በኩል መግባት ሲጀምር አንድ ዛፍ አንድዶ አንድ ማረሻ ማውጣት አላዋጣም። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው ወረራ ጣሊያኖች አስመራን ከአዲስ አበባ የሚያገናኘውን መንገድ በደሴና በኮምቦልቻ አሳለፉት። መኪናው መጣ፤ ከመኪናው ጋር ውድቅዳቂው መጣ፤ ቀጥቃጩም ማዕድን መቆፈሩን ትቶ ቁርጥራጭ መልቀም ጀመረ። የመጀመሪያው ጥበብ ሞተ፤ ሁለተኛው ግን ይኸው ሰኞ ገበያ ላይ አለ። ከአውሮፓ በዓላት የምንለየውም በዚህ ነው። እነርሱ የሚያከብሩት ካለፈ በኋላ የናፈቃቸውን ነው። እኛ ዘንድ ሰውየው ገና ከሰል ፊት ተቀምጦ ገበሬ ይጠብቃል።

ታዲያ ለምን አላከበርነውም? መልሱ አያኮራም። ባለእጅ የሚለው ቃል ሲታይ ምስጋና ነው፤ እጅ ያለው፣ እጁ የሚሠራለት ማለት ነው። በአፋችን ግን ስድብ ሆነ። ብረት የሚሠራው ሰው ቡዳ ነው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል፣ ዓይኑ ይበላል ተባለ። በብዙ ቦታ ርስት አይሰጠውም፣ ልጁ አይዳርለትም ነበር። በሠራው ማረሻ አርሰን፣ በሠራው ማጭድ አጭደን፣ እህሉን ስንበላ ከማዕዱ አራቅነው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ። ልጁን ለቀጥቃጭ ቤት ለመዳር ሳያቅማማ እሺ የሚል ስንት ሰው እንዳለ እያንዳንዳችን በልባችን እናውቃለን።

ስለዚህ አንድ ቀን ደሴ ወይም ኮምቦልቻ የብረት በዓል ቢያስቡ እኔን የሚያስፈራኝ ገንዘቡ አይደለም፤ ሥርዓቱ ነው። ድንኳን ይተከላል፣ ንግግር ይደረጋል፣ መዶሻና ወናፍ ጠረጴዛ ላይ ተደርድረው «ባህላዊ ቁሳቁስ» የሚል ወረቀት ይለጠፍባቸዋል፣ ቀጥቃጩ ራሱ ግን በገመድ ማዶ ቆሞ ያያል። መደረግ ያለበት የተገላቢጦሽ ነው፤ እሳቱ መካከል፣ ሰውየው እሳቱ አጠገብ፣ ባለሥልጣኑ ገመድ ማዶ። ከዚያም አንድ ሰው ቀለሙ በብረቱ ላይ ሲሄድ ለሕዝቡ በድምፅ ማጉያ ይንገር። ከባቲ ጊሌ የሚባለውን የአፋር ጩቤ የሚሸጡ ይምጡ፤ ፋብሪካዎቹም ዚንኩን ያሳዩ። ከአፈር ብረት የማውጣቱን ትርኢት ከተፈለገ የጭቃ ምድጃ መሥራት ለወሎ ሴቶች ከባድ አይደለም፤ እሳት የማይሰነጥቀው ጭቃ የትኛው እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቁታል።

ጊዜውስ? እንደ ስቲያ በነሐሴ አይሆንም፤ እርጥብ ከሰል አይነድም። ግንቦትና ሰኔ ቀጥቃጩ ከማረሻ ሥራ ብዛት ትንፋሽ የለውም፤ በልግ ባለበት አገር ጥርና የካቲትም እንዲሁ ነው። መስከረም የሚሻል ይመስላል፤ ለግሸን ማርያም የሚሄደው ምእመን ደሴን ያጥለቀልቃታል፣ ሆቴሉም ይሞላል። ግን በዓሉ የእምነት ነው፣ ሥራውም የማጭድ ወር ነው፤ ይህ በዓል ደግሞ እስላሙም ክርስቲያኑም እኩል የሚቆምበት መሆን አለበት። የሚቀረው ታኅሣሥ ነው። አዝመራው ገብቷል፣ ገበሬው እጁ ላይ ጥቂት ብር አለ፣ ሰማዩ ጠርቷል፣ ብርዱም ሰውን ወደ እሳት ይጠራል።

ይህን ሁሉ አስቤ ባለፈው ሳምንት ወደ ሽማግሌው ሄድኩ። ስለ ጣሊያኖቹ ከተማ፣ ስለ ጭብጨባው፣ ስለ ጥቁሩ ጓል ነገርኳቸው። ሥራቸውን ሳያቋርጡ ሰሙኝ። የልጅ ልጃቸው ወናፉን ትቶ አፉን ከፍቶ ያዳምጣል፤ «ንፋ!» አሉት። ከሰሉ ተመልሶ ፋመ። ብረቱን ገለበጡና ወደ እኔ ዞር ብለው፦

«ቀኑን ሙሉ ነው ያልከኝ?»

«አዎ፣ ከጠዋት እስከ ማታ።»

«ከሰሉን ማን ይችላል?»